ቄጤማችንን የበላው አህያ

ልጅ ሆኜ የሚያቅለሸልሸኝ ነገር ብዙ ነበር። ወተት ሲፈላ ላዩ ላይ የሚጋገረው ስስ ቆዳ፣ ነፋስ ሲነፍስ ከትምህርት ቤታችን ሽንት ቤት የሚመጣው ሽታ፣ የታናሽ ወንድሜ ንፍጥ። ሁሉንም ያስናቀው ግን አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ አንኮበር ቤታችን ሳሎን ውስጥ ያገኘሁት ነው። ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ልጆች ወልጄ፣ ስንቱን አጥቤ ስንቱን ጠርጌ እንኳ፣ ያን ቀን ሳስበው አፌ ምራቅ ይሞላል።

እሑዱ ተራ እሑድ አልነበረም። ታላቅ እህቴን አስካለን ለጋብቻ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች የሚመጡበት ቀን ነበር። እናቴ ሳምንቱን ሙሉ ስትለቀልቅ፣ ስታጥብ፣ ስታራግፍ ሰነበተች። ግድግዳው በአዲስ ጋዜጣ ተለበጠ፣ አግዳሚው ላይ ለእንግዳ ብቻ የሚወጣው ቀይ ብርድ ልብስ ተነጠፈ፣ ወለሉ ላይ ጠዋት የታጨደ እርጥብ ቄጤማ ተጎዘጎዘ።

ከሰዓት በኋላ በረዶ ወረደ። ቆርቆሮው ላይ ሲንኳኳ ጎን ለጎን ቆመን እንኳ መደማመጥ አልቻልንም። ሁላችንም ከኋላ ባለው ማድ ቤት ነበርን። እናቴ ወጡን ታማስላለች፤ አባቴ ጋቢውን ደጋግሞ ያስተካክላል፤ አስካለ አዲሱ ቀሚሷ እንዳይቆሽሽ ጉልበቷን ገጥማ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። የሳሎኑ በር እንደ ወትሮው ክፍት ነበር። በዚያን ጊዜ በቀን በር መዝጋት እንግዳ አልፈልግም እንደማለት ይቆጠር ነበር።

በረዶው ጋብ ሲል እናቴ ብርጭቆ እንዳመጣ ወደ ሳሎን ላከችኝ። መጀመሪያ የደረሰኝ ሽታው ነው። አልጋ ስር የሞተ አይጥ የሚሸተውን ዓይነት፣ ግን ወፍራም፣ ሞቅ ያለ፣ ምላስ ላይ የሚቀመጥ ሽታ። ቀጥሎ የማኘክ ድምፅ ሰማሁ። አንድ የማላውቀው አህያ ሳሎናችን መሀል ቆሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ቄጤማችንን ይበላል።

ጭነት የላጠው ገጣባ ነበር። ጀርባው ላይ የሰሃን ስፋት ያለው ቁስል አፉን ከፍቷል። ዳር ዳሩ አረንጓዴ መግል ቋጥሯል፤ መሀሉ ይንቀሳቀሳል። ቁስል እንዴት ይንቀሳቀሳል ብዬ ጠጋ አልኩ። ትል ነበር። ነጭ፣ የሰባ፣ አንዱ በአንዱ ላይ የሚርመሰመስ ትል። አህያው ቆዳውን ነዘር ባደረገ ቁጥር እየተንጠባጠበ ቄጤማው ላይ ይወድቃል። አንዱ እግሬ አጠገብ ወድቆ ተጠቀለለ። እዚያው የበላሁትን ሁሉ አስመለስኩት።

«ወይኔ ቤቴ! ወይኔ ጉዴ!» እያለች እናቴ መጣች። አባቴ ዱላ ይዞ ተከተላት። አህያው ግን እግሩን ተክሎ አልነቃነቅ አለ። አባቴ ታፋውን በዱላ ሲለው ጅራቱን አነሳና ፋንድያውን ወለሉ ላይ ዘረገፈው። ገፍቶ እንዳያስወጣው ደግሞ በየት በኩል ይንካው? እጁን በጋቢው ጠቅልሎ ይዘረጋል፣ መልሶ ይሰበስባል።

ሽማግሌዎቹ የደረሱት ይህን ጊዜ ነው። ሁለት ነበሩ፤ አስካለን የፈለጋት ልጅ አጎት ጋሽ ተሰማ፣ እና የቤተሰቡ ወዳጅ የሆኑት የአሊዩ አምባው ነጋዴ ሐጂ ኑሩ። የራሰ ልብሳቸውን እያራገፉ ደጃፉ ላይ ቆሙና ወደ ውስጥ አዩ።

«ግቡ እንዳልላችሁ...» አለ አባቴ።

ጋሽ ተሰማ በጋቢያቸው ጠርዝ አፍንጫቸውን ያዙ። ሐጂ ኑሩ «አስተግፊሩላህ! ይሄ እኮ በቁሙ በስብሷል» አሉ።

እናቴ ከሀፍረቷ ብዛት ማንንም ቀና ብላ ማየት አልቻለችም። «ጎትተህ ገደሉ አፋፍ ላይ ልቀቀው!» አለችው አባቴን። «ሲመሽ ጅብ ይገላግለናል።»

አስካለ ያን ጊዜ ወጣች። ደንቡ ሽማግሌዎቹ እስኪሄዱ ማድ ቤት ተደብቃ መቆየት ነበር። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፤ ከወለሉ ንጹሑን ቄጤማ ዘገን አደረገችና አህያው አፍንጫ ስር ይዛ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሄደች። ዱላ ያላነቃነቀው አህያ ተከትሏት ወጣ። ሽማግሌዎቹ ገለል ብለው አሳለፉት።

«ልቀቂውና ግቢ» አለች እናቴ።

«እንዲህ ሆኖማ አልለቀውም። ነጭ ጋዝ ስጡኝ፤ ጨው የገባበት የሞቀ ውሃም።»

«ዛሬ? በዚህ ቀሚስ? ምን ነካሽ አንቺ ልጅ?»

«ቀሚሱ ይታጠባል፣ እማዬ።»

አባቴ ከጣሪያው ክፈፍ ስር የአህያውን ጆሮ ጠምዝዞ ያዘላት። እኔ ፊቴን አዙሬ የጋዙን ጠርሙስ አቀበልኳት። ጋዙ ሲፈስበት ትሉ ከየጉድጓዱ እየተግተለተለ ወጣ፤ የተደፋ ሩዝ ይመስል ነበር። ጠልቆ የቀረውን በእንጨት ስንጥር አወጣችው፤ ስንጥሩ ሲሰበርባት በጣቷ ለቀመችው። ያ እርጥብ ነገር ሲላቀቅ የሚሰማው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። አስካለን የማያስጠላት እንዳይመስላችሁ። ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ዞር ብላ ታስመልሳለች፣ አፏን በክንዷ ትጠርጋለች፣ ተመልሳ ትጎነበሳለች።

ሽማግሌዎቹ መግባትም መሄድም አቅቷቸው ቆመው አዩ። በመጨረሻ ጋሽ ተሰማ ጉሮሯቸውን ጠረጉና የመጡበትን ጉዳይ እዚያው ደጅ ላይ ተናገሩ። ግቡና ቅመሱ ሲባሉ «ሆዴን አሞኛል» አሉ። ዶሮ ወጡ ሳይነካ ቀረ፤ እኛም ብንሆን የበላነው የለም። እናቴ «ከእንግዲህ አይመለሱም» ብላ አለቀሰች።

ተመለሱ። ኋላ እንደሰማነው ጋሽ ተሰማ ለልጁ ቤተሰብ የነገሩት «ልጅቷ ጥሩ ናት፤ ቤታቸው ግን ይሸታል» ብለው ነው።

እኔ ለወራት ሩዝ አልቀመስኩም። ከአስካለ ጋር በአንድ አልጋ ነበር የምንተኛው፤ መግልና ጋዝ እየሸተተኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። እሷም ይሸታት ነበር መሰለኝ፣ ቆዳዋ እስኪላጥ እጇን ትታጠብ ነበር።

አህያው ማገዶ ቤት ገባ። አስካለ በየቀኑ አጠበችው፤ ጥር ላይ ሠርጓ ሲደርስ ቁስሉ ጠግጎ ነጭ ፀጉር አብቅሎበት ነበር። ስለዳነ ግን የሚወደድ አልሆነም። ይናከሳል፣ ይፈሳል፣ አጥር ጥሶ የእናቴን ጎመን ይበላል። እናቴ ባየችው ቁጥር እንትፍ ትል ነበር።

አስካለ ተድራ ከሄደች በኋላ አንድ ሰው መጣ። አህያው የእሱ እንደሆነና መንገድ ላይ ጠፍቶበት ሲፈልገው እንደቆየ ተናገረ። አባቴ ስለ ቁስሉ ሲጠይቀው «ትንሽ ተልጦ ነበር» አለ። አባቴ ጠብ አይወድም፤ ገመዱን ሊፈታ ተነሳ። እናቴ ከጎመን መደቧ ቀና አለች።

«ያንተ ነው?»

«አዎ፣ እመቤቴ።»

«ስትጥለው ቁስል ነበረው። ትል ነበረው። እሱን ይዘህ ና፤ ያኔ ትወስደዋለህ።»

ሰውየው አባቴን አየ። አባቴ ገመዱን ለቀቀው። ሰውየው ሄደ፣ ተመልሶም አልመጣ። እናቴ ወደ አህያው ዞራ «ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ፣ ቆሻሻ!» አለችና እንትፍ አለችበት። እርጅና እስኪወስደው እኛው ጋ ኖረ።

እኔ አሁን የምኖረው ደብረ ብርሃን፣ ፎቅ ላይ ነው። በራችን ብረት ነው፤ በቀንም ይቆለፋል። ባለፈው ክረምት አንድ ዓይኗ የፈሰሰ ድመት ከዝናብ ሸሽታ ደረጃችን ስር ገባች። ከታች የሚኖሩት ለጥበቃው ደወሉ፤ እሱም በጆንያ ከቷት ሄደ፤ ደረጃው በበረኪና ታጠበ። ያ አህያ አስመልሶን፣ አስለቅሶን፣ ስንረግመው አብሮን አረጀ። ድመቷን ግን ለመጥላት እንኳ ጊዜ አላገኘንም። ልጄ «የት ወሰዳት?» ስትለኝ «እንጃ» አልኳት፤ እውነትም አላውቅም። ጠዋት ጠዋት ለትምህርት ቤት ስንወርድ፣ ልጄ አሁንም እዚያ ጋ ስትደርስ ጎንበስ ብላ ደረጃው ስር ታያለች።