ሰይፍ ያቀበለው ቆንስልና የአዳራሹ ቁልፍ

ቁልፍ በመያዝ የሚስተካከለኝ የለም። ጉራ አይደለም፤ እንጀራዬ ነው። በስደት በምኖርበት ከተማ፣ ፓርክዴል በሚባል ሰፈር፣ የአንድ አሮጌ ፎቅ ሱፐር ነኝ፤ ጠባቂም ጠጋኝም ማለት ነው። ቧንቧው የሚያንጠባጥብበትም፣ ማሞቂያው እምቢ ያለውም፣ ቁልፉን ውስጥ ረስቶ በሩ የተዘጋበትም የሚጠራው እኔን ነው። የሕንፃው ቁልፍ በሙሉ እኔ እጅ ነው፤ ይሄን ሁሉ ዓመት አንድም ጠፍቶብኝ አያውቅም። አንድ ሕግ አለኝ፦ ሳላጣራና ሳላስፈርም ለማንም ቁልፍ አልሰጥም። አንዴ አንዲት ሴት ቤቴ ነው ብላ አለቀሰችብኝ፤ ወረቀቷን ሳላይ አልከፈትኩላትም። ደረቅ ይሉኛል። ይበሉኝ።

የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎችም ይህን ጠባዬን አይተው ነው የአዳራሹን ቁልፍ የሰጡኝ። አዳራሹ ኢስት ዮርክ ውስጥ የተከራየነው ነው። ስብሰባ ሲኖርም የምመራው እኔ ነኝ፤ ድምፄ ትልቅ ነው፣ ሰዓት ያለፈበትን ተናጋሪ ቁጭ ለማድረግ ይሉኝታ አይዘኝም።

ባለፈው ክረምት፣ በረዶው ገና ሲጀምር፣ ሁለት ሰዎች ተጣሉ። አንደኛው ጋሼ ናቸው፤ ጉባኤያችንን የመሠረቱት አዛውንት። ለኔ ከዚያም በላይ ናቸው። ሚስቴን ስጠይቅ ሽማግሌ ሆነው አባቷ ፊት የቆሙልኝ እሳቸው ናቸው። ሌላው የመዘምራን መሪያችን ነው፤ ቶርንክሊፍ ፓርክ የሚኖር ጎልማሳ። የጠቡ መነሻ ቋንቋ ነው። መሪው “ልጆቻችን አማርኛው አይገባቸውም፤ ግማሽ ሰዓት በእንግሊዝኛ እንስጣቸው” አለ። ጋሼ “ዛሬ ግማሽ ሰዓት፣ ነገ ሙሉውን” አሉ። ከዚያ ነገር ነገርን እየወለደ ሄዶ ሰው ለሰላምታ እንኳ ወገን መለየት ጀመረ። ጉባኤው ለሁለት ሊሰነጠቅ ደረሰ።

ስብሰባ ጠራሁ። አንዲት እናት ተነሥታ “ሽማግሌዎች አስታርቀው እስኪጨርሱ ሁለቱም ከአመራሩ ይውጡ” አለች። እጅ አውጡ አልኩ። ከጥቂት ሰው በቀር አዳራሹ በሙሉ እጁን አወጣ። እጃቸውን ካላወጡት አንዱ እኔ ነበርኩ። ጋሼ ይውጡ? እሳቸው ባይኖሩ ይሄ ሁሉ ሰው የት ይሰበሰብ ነበር? ደሜ ፈላ። “በሉ እንግዲህ ደስ ይበላችሁ!” ብዬ ስብሰባውን ዘጋሁት።

ረቡዕ ዕለት ከጉባኤያችን አንዱ ሰው ደወለልኝ። “ሰምተሃል? መሪው ቶርንክሊፍ አዳራሽ ይዟል። ለእሁድ ከሰዓት ነው። ግማሹን ሰው ይዞ ሊወጣ ነው።” ከማን ሰማህ እንኳ አላልኩም። ሐሙስ ሥራዬን ስጨርስ ቀጥ ብዬ ጋሼ ቤት ሄድኩና ቁልፉን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩት።

“እሁድ ጠዋት በሩ ላይ እርስዎ ይቁሙ። እሱንም ከሱ ጋር ያበሩትንም እንዳያስገቡ” አልኳቸው።

ጋሼ ቁልፉን አገላብጠው አዩት። “እንግዲህ፣ የተሻለ ነገር ከጠፋ” አሉ። ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ማንንም አላማከርኩም፤ ጉባኤውን ያዳንኩ መስሎኝ ነበር፣ አፈር ልብላና።

ዓርብ ልጄ ከትምህርት ቤት መጣች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ቦርሳዋን ወርውራ “አባዬ ቁጭ በል፣ ፕረዘንቴሽኔን ፕራክቲስ ላድርግብህ” አለችኝ። ከጓደኞቿ ጋር ስታወራ አንድ ቃል አማርኛ አይወጣትም። ለኔ ስትል ግን እየተንገዳገደች ትሞክራለች፤ የጎደላትን በእንግሊዝኛ ትሞላዋለች። ርዕሷ አንድ የሮማ ቆንስል ነው። እኔ ቆንስል ሲባል የማውቀው ፓስፖርት የሚያድሰውን ነው፤ ይሄንኑ ብላት ሳቀችብኝ።

“እዚያ ቆንስል ማለት ለአንድ ዓመት የሚመረጥ መሪ ነው። የሴኔቱን ስብሰባ የሚመራው እሱ ነው።”

ስብሰባ የሚመራ ስትል ጆሮዬ ቆመ።

“ሁለት ጀነራሎች ነበሩ” ብላ ቀጠለች። “አንዱ ሮም አጠገብ ነው፣ አንዱ ሰሜን ሠራዊት ይዞ ተቀምጧል። ሴኔቱ ሁለቱም ሥልጣናቸውን ይልቀቁ ብሎ ድምፅ ሰጠ። ሦስት መቶ ሰባ ለሃያ ሁለት! ቆንስሉ ግን ከሃያ ሁለቱ ወገን ነበር። ተናደደና ስብሰባውን በተነው።”

ውሃ ጠጣሁ።

“ከዚያ ወሬ መጣ። የሰሜኑ ጀነራል ተራራውን ተሻግሮ ከተማዋን ሊይዝ እየመጣ ነው ተባለ። ውሸት ነበር። ቆንስሉ ግን ሴኔቱ ሳይፈቅድለት ሄዶ ለአንደኛው ጀነራል ሰይፍ ሰጠው። አገርህን አድን ብሎ አዘዘው።”

“ጀነራሉስ ምን አለ?”

“እሺ አለ። የተሻለ ነገር ከሌለ፣ አለ።”

ክው አልኩ። እሷ አላየችኝም፤ ወረቀቷ ላይ ነበረች። ቆንስሉ የሰሜኑን ጀነራል እህት የልጅ ልጅ ያገባ፣ ለጀነራሉ ዘመድ እንደነበረ ነገረችኝ። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ጦርነቱ ሲነሣ ደግሞ እሱ ራሱ አልተዋጋም፤ ቁጭ ብሎ ቆይቶ በኋላ ያሸነፈውን የሰሜኑን ጀነራል ይቅርታ ለመነ። እንዴት አሳምራ ተናገረችው! እጇን እያወናጨፈች፣ ኩሽናዬን ሴኔት አደረገችው። ሌላ ቀን ቢሆን ኩራት ደረቴን በቀደደው። ያን ዕለት ግን ኩራቱም እሳቱም አንድ ላይ መጣብኝ።

“ሰውየው አገሩን ወድዶ ነው!” ብዬ ጮህኩ። “እጁን አጣጥፎ ማየት ነበረበት?”

“ለምን ትቆጣለህ? የኔ ጥያቄ ሌላ ነው” አለች ረጋ ብላ። “ወሬው እውነት መሆኑን ለምን አላጣራም?”

ወረቀት ሳላይ በር የማልከፍተው ሰውዬ! ተነሥቼ ኮሪደር ወጣሁና መሪው ጋ ደወልኩ።

“ቶርንክሊፍ አዳራሽ ይዘሃል አሉኝ” አልኩት።

ሳቀ። “ምን አዳራሽ አለ? የሕንፃዬን ፓርቲ ሩም ቡክ አድርጌ ነው። እማዬን ስፖንሰር አድርጌ ከአገር ቤት እንድትመጣ ስንት ዓመት ስጠብቅ ኖሬ፣ ነገ ትገባለች። እሁድ ከቸርች በኋላ ሁላችሁንም ልጠራ ነበር። ጋሼ ቢመርቋት ደስ ይለኝ ነበር፤ ስልኬን አያነሱም። እባክህ አንተ ንገርልኝ።”

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! በዚህ ከተማ ልደቱም፣ ምርቃቱም፣ ቅልቅሉም በየፎቁ የግብዣ ክፍል፣ በፓርቲ ሩም፣ እንደሚደገስ ከኔ በላይ ማን ያውቃል? ሱፐር እኮ ነኝ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ለመልቀም የቀረኝ አንድ ቀን ብቻ ነበር። እናቱን ይዞ እሁድ ጠዋት በረዶ ላይ ሲቆም፣ ጋሼ ደጁን ሲዘጉበት ታየኝ። ከዚያ ወዲያ ይሄን ጉባኤ የሚያስታርቅ ሽማግሌ አይገኝም።

ገብቼ ለልጄ ሁሉንም ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። ካፖርቷን አነሣችና “እንሂድ” አለች።

በስትሪትካሩ፣ በከተማው ባለሐዲድ ባቡር፣ ክንዴን ይዛኝ ሄደች። ጋሼ በሩን ከፍተው ሁለታችንን ሲያዩ ደነገጡ። ሳልቀመጥ “ጋሼ፣ ቁልፉን ይመልሱልኝ” አልኳቸው፤ መሪው ክፍሉን የያዘው እናቱን ለመቀበል መሆኑንም ነገርኳቸው።

“አምጣ ብዬህ ነበር?” አሉኝ።

“አላሉኝም። እኔ ነኝ ያመጣሁት።”

“ሳልለምንህ ብታመጣውም ደስ ብሎኝ ነበር” አሉ። “ለምን እዋሻለሁ? ፊቱ ላይ ስዘጋበት ሳስበው ነው ያደርኩት።” ከዚያ ወደ ልጄ ዞሩ። “አንቺ ነሽ ያመጣሽው?”

ልጄ በዚያ በሚንገዳገድ አማርኛዋ የቆንስሉን ታሪክ አወራቻቸው። አንድ ቃል ሲጠፋት ወደ እኔ ታያለች፤ እኔ አቀብላታለሁ። አማርኛ አይገባቸውም ከተባሉት ልጆች አንዷ እሷ ናት። ጋሼ አላቋረጧትም።

“መጨረሻቸውስ?” አሏት።

“ሁለቱም ጀነራሎች ተገደሉ።”

“ሁለቱም?”

“ሁለቱም።”

ጋሼ ተነሥተው ከተሰቀለው ኮታቸው ኪስ ቁልፉን አወጡ። እጄ ላይ ሳያስቀምጡት ግን “በድብቅ የሰጠኸውን በድብቅ አትወስደውም” አሉኝ። “እሁድ ሕዝቡ ፊት ትናገራለህ።”

ወይ ጉድ! ከዚያስ ደረጃውን ሁሉ በጥርስ ብሩሽ አጽዳ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። ስብሰባ እየመራሁ ሌላውን የምገስጸው እኔ? ልጄ ታየኛለች። “እሺ” አልኩና ቁልፉን ተቀበልኩ።

እሁድ በሩን ከፍቼ ዳር ይዤ ቆምኩ። ጋሼ ገቡ፣ መሪው እናቱን ደግፎ ገባ፣ ሌላውም ሁሉ ገባ። ከጸሎቱ በኋላ ተነሣሁ። ያ ትልቅ ድምፄ የት እንደገባ እንጃ። “እናንተ ሁለቱም ይውጡ ብላችሁ እጅ አወጣችሁ” አልኩ። “እኔ ግን ወሬ ሰምቼ፣ ሳላጣራ፣ ተደብቄ ቁልፉን ለአንዱ ሰጠሁ። እዚህ ካላችሁት ግማሻችሁ ዛሬ ደጅ ልትቀሩ ነበር። በድያችኋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ሰው ይያዘው።” ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

መሪው አንገቱን ደፍቶ ነበር። ያኔ ጋሼ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው “እናትህ መንገዱ አልከበዳቸውም?” አሉት፤ ስንት ሳምንት ሙሉ ያላነጋገሩትን ሰው። መሪው መመለስ አቅቶት እንባውን ጠረገ። በስብሰባው ሁለቱም ይውጡ ያለችው እናት ደግሞ መጥታ ቁልፉን አነሣች፤ አየችው፤ መልሳ ወደ እኔ ገፋችው።

“አጣርተናል” አለች። “ፈርምና ውሰድ።”

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። በመዝሙር ወረቀት ጀርባ ላይ ፈረምኩ። ከሰዓት ፓርቲ ሩሙ ውስጥ ጋሼ እጃቸውን አንሥተው የመሪውን እናት መረቁ፤ እኔም አሜን አልኩ። የእንግሊዝኛው ግማሽ ሰዓት ነገር እስከ ዛሬ አላለቀም፤ ሽማግሌዎቹ ይዘውታል፤ ሁለቱም ከአመራሩ ውጪ ናቸው።

ሰኞ ልጄ ስትመለስ ቧንቧ እየጠገንኩ ነበር። “ፕረዘንቴሽኑ እንዴት ሆነልሽ?” አልኳት።

“ጥሩ። ቆንስሉ ሰይፉን ከሰጠ በኋላም ጊዜ ነበረው፣ ሄዶ መልስልኝ ማለት ይችል ነበር አልኳቸው። አንዱ ልጅ ግን የትኛው ትልቅ ሰው ነው እንደዚያ የሚያደርገው ብሎ ተከራከረኝ።”

“አንቺስ ምን አልሽው?”

“አባቴ አድርጎታል አልኩት። ዓርብ ዕለት፣ በስትሪትካር ሄዶ።”