አጥሩን ያፈረሰችው ዘሃራ

ዘሃራ ሞተች ያለኝን ሰው ዛሬ ጠዋት እዚህ ሱዳን፣ ሳጃና ሰፈር፣ መንገድ መሐል ሰደብኩት። «አፍህ ይቆረጥ!» አልኩት። እጄን ይዞ ወደ ለቅሶው ቤት ወሰደኝ።

ከሰዓት ቀበርናት። አሁንም አላመንኩም።

ይቺን ጽሑፍ እንጻፍልህ ያሉኝ ነበሩ፣ እምቢ አልኩ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ያቺው ትበቃኛለች። ስህተት ካለ እለፉት።

ለማታውቋት፦ እናቷ የወሎ ሰው ናት፣ ሟቹ አባቷ ሱዳናዊ። ከተወለደች ጀምሮ ዓይኗ አያይም። ባሕሪ በሚባለው ሰፈር አንድ የዱቄት መጋዘን ቢሮ ውስጥ ስልክ እየተቀበለች የደንበኛውን ትእዛዝ ኮምፒዩተር ላይ ትጽፍ ነበር። እኔ እዚያው ገፊር ነበርኩ፣ በር ጠባቂ።

የዚያን ጊዜ ኮምፒዩተር ሥዕል የለውም፣ ጥቁር ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቻ። ከጎኑ፣ የተጻፈውን እየጮኸች የምታነብላት ሣጥን ነበረች። ጽሑፍ እስከሆነ ድረስ ለዓይነ ስውር ምን ችግር አለው? ሰው ሁሉ እንዲህ ይላል። እኔም እል ነበር። አንድ ቀን ሣጥኗ «ዳሽ ዳሽ ዳሽ ዳሽ» እያለች አላቆም አለች።

«ምን ሆና ነው ይቺ? ታመመች እንዴ?»

«አጥር እየቆጠረች ነው፣ አባ ሰይድ» አለችኝ እየሳቀች። «የሠሩት ሰዎች ለሚያይ ሰው እንዲያምር በየጽሑፉ ዙሪያ በሰረዝ አጠሩበት። እኔ የዱቄቱን ስም ስፈልግ እሷ እንጨቱን ትቆጥርልኛለች።»

ሌላም ነበር። ከተደረደሩት መስመሮች የተመረጠው ይበራል። ሣጥኗ ሁሉንም ታነባለች፣ የትኛው እንደበራ ግን አትናገርም። ስለዚህ እኔን ትጠራኛለች።

«አባ፣ ስንተኛው ነው የበራው?»

«የፈረንጅ ፊደል አላነብም» አልኳት ኮራ ብዬ።

«ማን ያንብቡ አለዎት? ከላይ ይቁጠሩልኝ። ያላ፣ ቶሎ!»

«ሦስተኛው።»

ሚስቴ ፋጡማ የሞተችበት ዓመት ነው፣ ቤቴ መግባት አስጠልቶኝ ነበር። ሥራ ካለቀ በኋላ እየቆየሁ ብዙ ወር ቆጠርኩላት። እሷ ፕሮግራሙን በጣቷ እየፈታች እየገጠመች አጥሩን አፈረሰችው። ለእያንዳንዱ መስመር ቁጥር ሰጠችው። ሣጥኗ «ሦስት፣ የስንዴ ዱቄት» ካለች ሦስትን መጫን ነው፣ በቃ። እኔ ከዚያ ወዲያ አላስፈለግሁም። ሌሎች ሁለት ዓይነ ስውራንም ተቀጠሩበት።

«ሰው ሳልጠራ ልሥራ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም» ትል ነበር ሁልጊዜ።

ኋላ ሙዲሩ፣ አለቃችን፣ ሥዕል ያላቸው አዳዲስ ማሽኖች ገዛ። ሣጥኗ ሥዕል ማንበብ አታውቅም። ሦስቱም ቤታቸው ዋሉ። ዘሃራ እናቷ ዘንድ ሆና ሥራዋን እንደገና ልጻፈው ብላ ስንት ጊዜ ጀመረች፣ አልሆነላትም። ከዚያ ኩላሊቷ ቀስ እያለ ጨረሳት። ዛሬ ቀብሯ ላይ ይቺ ልጅ ምን እንደሠራች የሚያውቅ ከእኔ በቀር አልነበረም።

ዘሃራ ልጄ፣ የቀረው ለአንቺ ነው።

ሙዲሩ አሮጌዎቹ ማሽኖች ሐሙስ ይወጣሉ ብሎሽ ነበር፤ ጫኞቹ ግን ማክሰኞ መጡ። ቦክሲ መኪና ላይ ጭነው ሲወጡ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። አንቺ ቧንቧው ጋ ለዙህር ሶላት ውዱእ እያደረግሽ ሞተሩን ሰማሽ።

«አባ፣ ምንድን ነው የሚወጣው?» አልሽኝ።

«ባዶ ጆንያ ነው» አልኩሽ።

በሰላም ስገጂ ብዬ ነው። እኔ ያለኝ ሁሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ነው፤ ያንቺም ሥራ እንደዚያው መስሎኝ ነበር። እዚያው ማሽን ውስጥ ብቻ እንደነበረ፣ ቦርሳሽ ውስጥ የያዝሻት ዲስክ ላይ ለመገልበጥ ትንሽ ደቂቃ ይበቃሽ እንደነበር ያወቅሁት በማግስቱ ስታለቅሺ ነው። እውነቱን ብነግርሽ ሮጠሽ ታስቆሚያቸው ነበር። ሌላ መሥሪያ ቤት ወስደሽ ትሠሪበት ነበር። አንቺ አንድ ቀንም አላነሳሽብኝም።

ዛሬ ለቅሶ ላይ እናትሽ «እንደ አባቷ ነበሩ» ብላ እጄን ሳመችኝ። እውነቱን አልነገርኳትም። ይቺን ጽሑፍ የሚያነብላት ሰው አይጠፋም፣ ትወቀው።

ደህና ሁኚ ዘሃራ። ዱዓ ላደርግልሽ እጄን ዘረጋሁ፣ የምለው ጠፋኝ።