የጋሼ ድርሻ

ታላቅ ወንድማችንን ጋሼ ነበር የምንለው። ቦሌ ውስጥ ፎቅ ሲሠራ የቀን ሠራተኛ ነበር። ያን ጊዜ በየአቅጣጫው ፎቅ ይሠራ ስለነበር ሥራ አላጣም። እኔና ትንሿ እህቴ ከእሱ ጋር አክስታችን ቤት እንኖር ነበር። አክስታችን ምግብ ያለበትን ቁም ሣጥን ትቆልፋለች። ጋሼ ግን ከሥራ ሲመለስ ጃኬቱ ውስጥ አንድ ፉርኖ ዳቦ ደብቆ ይገባል። ዳቦው ላይ የሲሚንቶ አቧራ አይጠፋም። እፍ፣ እፍ ይልና ለሦስት ይቆርሰዋል። ትልቁ የእህቴ ነው። ብዙ ጊዜ የራሱንም ይጨምርላታል።

አንድ ቀን ከፎቁ የእንጨት መወጣጫ ላይ ወደቀ። ስለዚያ ቀን ብዙ መጻፍ አልችልም። ሞክሬ ነበር።

እኔ ቀብሩ ላይ ነበርኩ። እህቴ አምስት ዓመቷ ስለነበር ጎረቤት ቤት አስቀመጧት። ስመለስ “ጋሼስ?” አለችኝ። “ለሥራ ክፍለ ሀገር ሄዷል” አልኳት። ትልልቆቹ ሰሙኝና “ጎበዝ፣ ሕፃን ልጅ መርዶ አይነገራትም” አሉኝ። እኔም ጥሩ ነገር የሠራሁ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ከአክስታችን ዱላ የሚያስጥለን አልነበረም። የእህቴን ክንድ ተቃጥሎ ያየች ጎረቤት ለፖሊስ ተናገረች፤ ፖሊስም ገርጂ ወደሚገኝ የልጆች ማቆያ ወሰደን። እንደ እኛ ተጎድተው የመጡ ልጆች የሚኖሩበት ግቢ ነው። እትዬ የምንላቸው ሴት አብረውን እየኖሩ ያሳድጉናል። ቲቸር የምንላት ደግሞ አማካሪያችን ናት። በሥዕልና በአሻንጉሊት ታጫውተናለች። እነሱ ሕክምና ይሉታል፤ እኔ ጨዋታ ብቻ መስሎኝ ነበር።

እህቴ አትበላም። አንድ ሁለት ጉርሻ ትቀምስና ዳቦዋን ቀሚሷ ውስጥ ትደብቃለች። አርብ አርብ አንዲት ነርስ እየመጣች ትመዝነናለች፤ የእህቴ ኪሎ በየሳምንቱ ይቀንሳል።

“በሚቀጥለው አርብ ካልጨመረች ሆስፒታል ትተኛለች” አለች ነርሷ።

“እኔስ?”

“አንተ እዚሁ ትቆያለህ።”

ከጋሼ በኋላ የቀረችኝ እሷ ብቻ ነበረች።

በማግስቱ ክፍላችን ጉንዳን ወረረው። ተከትለን ስናይ የእህቴ ፍራሽ ሥር ደረቅ ዳቦ ተደርድሯል። አብሮን የሚተኛ አንድ ልጅ ሳቀብኝ። “እህትህ ዳቦ ቤት ልትከፍት ነው እንዴ? ደንበኞቿ እኮ ተሰልፈዋል!” አለኝ ጉንዳኖቹን እያሳየ። አፈርኩ። እህቴን ሌባ እንዳይሏት ብዬ ዳቦውን ሰብስቤ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት።

ስታውቅ እጄን ነከሰችኝ። ከዚያ አልጋ ሥር ገባች። ምሳ እንኳ አልቀመሰችም።

ቲቸር መጣች። አልወቀሰችኝም። ሲሚንቶው ላይ በሆዷ ተኛችና ከአልጋው ሥር አየቻት።

“የማን ነበር ዳቦው?”

“የጋሼ ነዋ” አለች እህቴ። “ከክፍለ ሀገር ሲመጣ ይርበዋል።”

ቲቸር ቀና ብላ አየችኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ውጭ ይዛኝ ወጣችና “አልነገራችኋትም?” አለችኝ።

“ሕፃን ናት።”

“ሕፃን ሆና ነው እኮ ድርሻውን እየቆረሰች የምታስቀምጥለት።”

“የዋሸኋት እኔ ነኝ። እኔው ልንገራት” አልኩ።

እትዬ ይህን ሲሰሙ “እንዲህ በድንገት አይሆንም። በወጉ ነው” አሉ። ሰኞ ማለዳ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው መጡ። ቲቸርም ጥቁር ለብሳ መጣች። እህቴ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ነበር። የሸመደድኩት ንግግር ጠፋኝ።

“ሚጣ፣ ጋሼ ክፍለ ሀገር አልሄደም። ሞቷል። ዋሽቼሻለሁ።”

“ታዲያ ዳቦውን ማን ይብላው?” አለች።

ያን ጊዜ አለቀሰች። አክስታችን ቤት ድምፅ አውጥተን ማልቀስ ክልክል ስለነበር ከዚያ በፊት እንዲያ ስታለቅስ ሰምቻት አላውቅም። እኔም አብሬያት ጮህኩ። ማንም ዝም በሉ አላለንም።

ልጆቹ አንሶላ ሰብስበው በልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ድንኳን ሠሩ። ያ የሳቀብኝ ልጅ አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ መጣ። የግቢው ዘበኛ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ገብተው “እግዜር ያጥናችሁ” አሉን፣ ልክ እንደ ትልቅ ሰው። እትዬ ንፍሮ ቀቅለው በትሪ አዞሩ።

“ሐዘንተኛ ባዶ ሆዱን አይውልም። ቅመሺ የኔ እናት” አሏት።

እህቴ ንፍሮውን መዳፏ ላይ አድርጋ አየችው። እፍ፣ እፍ አለችበት። ከዚያ በላች። እጇን እንደገና ዘረጋች።

“እኔም ሐዘንተኛ ነኝ፣ ድገሙኝ” አለ ያ ልጅ።

“አንተ ጋሼን አታውቀውም!” አለችው።

“ንገሪኛ፣ ልወቀው።”

ከአጥሩ በላይ የሚታየውን፣ በባሕር ዛፍ መወጣጫ የተከበበ ረጅም ፎቅ በጣቷ አሳየችው። “እንደዚያ ዓይነት ነው የሚሠራው። ከዚያም ይበልጣል።” ሁሉም ዞረው አዩ። እያወራች ትሪው ላይ የቀረውን ጨረሰችው።

አርብ ደረሰ። ልጆቹ ሁሉ ሚዛኑን ከበቡት። እህቴ የቁርስ ዳቦዋን እንደያዘች ወጣችበት።

“ዳቦውን አስቀምጪ፣ አብሮ ይመዘናል” አለቻት ነርሷ።

እህቴ ዙሪያዋን አየችና ለእኔ ሰጠችኝ። “ያዝልኝ። እንዳትበላብኝ፣ የኔ ነው።”

ነርሷ ጎንበስ ብላ አየች፤ እንደገና አየች። “ጨምራለች!” አለች። ግቢው በጩኸት ተናጋ። እትዬ እልል አሉ፤ ዘበኛው በሩን ትተው ሮጠው መጡ። ያ ልጅ እኔን ተሸክሞ ሊያዞረኝ ሞክሮ አብረን ወደቅን። ዳቦውን ግን ከፍ አድርጌ ስለያዝኩት መሬት አልነካም።

እህቴ ከሚዛኑ ወርዳ ዳቦውን ከእጄ ነጠቀችኝ። አገላብጣ አየችው። አልጎደለም። እዚያው ቆማ ሙሉውን በላችው።