የአዳኙ ትዕግሥት

መነፅር ሠሪው ስለ አደን አፉን ባይከፍት ኖሮ ሰው የሚወደው ጨዋታ አዋቂ ነበር። ችግሩ፣ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከአደን ሌላ የሚያወራው ነገር አልቀረውም። ቀኑን ሙሉ በጠባቧ ሱቁ ውስጥ የሰው ዓይን ሲለካና መስታወት ሲሞርድ ይውላል፤ በዓመት ሦስት ሳምንት ግን ፈቃዱን አሳድሶ፣ ጠመንጃውን ወልውሎ ጫካ ይገባል። ጎረቤቶቹ ይህን ከሰሙ ጀምሮ ሰላምታቸውን አሳጥረውበታል። አንዷማ መነፅሯን ሌላ ዘንድ ማሠራት ጀምራለች፤ ዓይኗን ሲለካ የሚያነጣጥርባት እየመሰላት ነው አሉ።

የቀረችው አንዲት ሴት ልጁ ነች። እሁድ እሁድ ምሳ እሷ ቤት ይበላል። ባሏ መምህር ነው፤ እንስሳ ሲጎዳ ማየት የማይችል ሆደ ባሻ።

አንድ እሁድ መምህሩ ሥጋውን እየቆረጠ፣ "አባባ፣ አይቆጡኝና፣ ያቺ የሚያድኗት ድኩላ ምን አደረገችዎት?" አለው።

"ይቺ ሳህንህ ላይ ያለችውስ ምን አደረገችህ?"

መምህሩ ሳቀ። ልጁ ግን አልሳቀችም። "አባዬ፣ የጠየቀህ እኮ አያሳዝኑህም ወይ ነው።"

መነፅር ሠሪው ይህን ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቀው ነበር ማለት ይቻላል። ሹካውን አስቀምጦ አስረዳ። አዳኝ ከተኮሰ በኋላ አይሮጥም፤ ባለበት ቁጭ ብሎ ግማሽ ሰዓት ይጠብቃል። የቆሰለ እንስሳ ከተከተሉት ደንግጦ ይሸሻል፣ ርቆ ሄዶም ተሰቃይቶ ይሞታል። ከተዉት ግን እዚያው አቅራቢያ ይተኛል።

"እዚያ ተቀምጬ የማሳልፈው ግማሽ ሰዓት ነው የሚከብደኝ" አለ። "ማዘን ማለት ለእኔ እሱ ነው።"

ጥሩ የተናገረ መስሎት ነበር። የልጁ ፊት ግን ተለዋወጠ።

"እናቴ ሆስፒታል ስታጣጥር አንተ ጫካ ነበርክ" አለችው። "ለድኩላ የተቀመጥከውን ያህል ለእሷ አልተቀመጥክም።"

መምህሩ ዓይኑን ሳህኑ ላይ ተከለ። መነፅር ሠሪው ሐኪሙ "ደህና ናት፣ ይሂዱ" ብሎት እንደነበር ሊነግራት ፈለገ፤ ግን ኮቱን አንስቶ ወጣ።

ልጁን እንዳቆሰላት ገብቶታል። ስለዚህ የሚያውቀውን አደረገ፤ ጠበቀ። በሚቀጥለው እሁድ አልሄደም፣ አልደወለምም። አሁን ብከተላት ትርቀኛለች፣ ይብረድላት አለ። የእሁድ ምሳውን ሱቁ ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት የዓይን መለኪያ ፊደላት ጋር ተፋጥጦ ይበላ ጀመር። የስልኩ ድምፅ መከፈቱን አሥር ጊዜ ያያል። ብቸኝነቱ አጥንቱ ድረስ ዘለቀ፤ ግን በትዕግሥቱ ይኮራ ነበር፣ የዋሁ ሰውዬ። አደን ሲፈቀድም አልሄደም። አለመሄዱን የሚነግረው ሰው ግን አልነበረውም። እንዲህ እያለ ሳምንቱ ወር፣ ወሩም ስምንት ወር ሆነ።

በመጨረሻ አንድ እሁድ፣ በቃ አሁን በርዶላታል ብሎ ሄደ። በሩን የከፈተው መምህሩ ነው። ትከሻው ላይ ትንሽ ፎጣ ጣል አድርጓል፤ ከውስጥ የሕፃን ልቅሶ ይሰማል።

"ስንት ጊዜው ነው?" አለ መነፅር ሠሪው።

"ሴት ናት፤ አምስት ሳምንት ሆናት። ያን ዕለት ነበር ማርገዟን ልንነግርዎት ያሰብነው።"

ልጁ ሕፃኗን ታቅፋ ብቅ አለች። ከስታለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

"የት ነበርክ አባዬ?"

"እስኪበርድልሽ እየጠበቅኩ።"

ሕፃኗን ወደ ደረቷ አስጠጋቻት።

"እሁድ እሁድ ሳህንህን አቀርብልህ ነበር" አለች። "ከወለድኩ ወዲህ ተውኩት።"