የተተኮሰው ዘፈን

ታናሽ ወንድሜን ሰፈሩ «እንከን የለሽ» ይለዋል። ቅጽል ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ለሙገሳ ግን አልነበረም። ሁለታችን አንዲት ላውንደሪ አለችን፤ እኔ ደንበኛ እቀበላለሁ፣ እሱ ያጥባል፣ ይተኩሳል። ሌላው ሰው በዓይኑ የማያየውን እድፍ እሱ በጣቱ ዳብሶ ያገኘዋል። አንድ ጊዜማ ደንበኛው ሸሚዙን ለብሶ በሩ ላይ ከደረሰ በኋላ «አንዴ ቆይ» ብሎ አስወልቆ መልሶ ተኮሰለት። ሰውዬው በካናቴራ ቆሞ ሲጠብቅ የት እንደምገባ ጠፍቶኝ ነበር።

ከላውንደሪው ሲወጣ ደግሞ ሙዚቃ ይሠራል። ቤታቸው ባለ ሁለት መኝታ ነው። አንዱ የእሱና የሚስቱ ነው፤ ጠባቡን ስቱዲዮ አድርጎታል። ባለቤት የጠፋላቸውን ብርድ ልብሶች ከሱቃችን ወስዶ ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ ሰቅሏል፤ ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፕ፣ ኪቦርድና አንድ ማይክ አለ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጁ የምትተኛው ሳሎን፣ ሶፋ ላይ ነው። ልጅቷ አፍ አውጥታ ቅር አለኝ ብላ አታውቅም። እናቷ ግን አንድ ቀን እኔ ባለሁበት ጉዳዩን አነሳችው።

«ልጅቷ እኮ አድጋለች። የራሷ ክፍል ያስፈልጋታል።»

«እሺ» አለ ወንድሜ። «ይሄን ዘፈን ሬዲዮ ካልተቀበለኝ ክፍሉን እለቅላታለሁ። ማይኩንም እሸጠዋለሁ፤ እኔም ይበቃኛል።»

የተናገረው ረጋ ብሎ ነው። ያሳደግኩት እኔ ነኝና ሆዱ ምን እንደሚል አውቅ ነበር።

ዘፈኑን የምትዘፍነው ሚስቱ ራሷ ናት። የሕፃናት አስተማሪ ስለሆነች ቀኑን ሙሉ ከልጆች ጋር ስትዘፍን ነው የምትውለው። ዘፈኑ ከሥራ መልስ በእግሯ ወደ ቤቷ ስለምትሄድ ሴት ነው። ወንድሜ ሁለት ጊዜ ሬዲዮ ጣቢያ ወስዶት ሁለት ጊዜ መለሱለት። የሙዚቃ ኃላፊዋ ጨዋ ሴትዮ ናቸው።

«ልጄ፣ ዜማው ያምራል፤ ድምጿም ያምራል» አሉት። «ግን ስስ ነው። ሁሉም ነገር አንድ ቦታ ተለጥፏል፤ ከኋላው ምንም የለም። እስከ ሐሙስ አስተካክለህ ና፤ ከዚያ በኋላ የዚህ ወር ምርጫ ይዘጋል።»

ታዲያ እሱ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? እንደገና ማጽዳት ጀመረ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። የወንበሩን ሲጥሲጥታ ቆረጠ፤ የከንፈሯን ድምፅ ቆረጠ፤ ትንፋሽ በወሰደች ቁጥር ትንፋሿን ቆርጦ ጣለ። ሲጨርስ አሰማት።

«ይሄ እኔ አይደለሁም» አለችው። «እኔ እተነፍሳለሁ።» ከስቱዲዮው ጥላው ወጣች።

ማክሰኞ ዕለት አንድ ጡረተኛ ዳኛ ያመጡትን የሱፍ ካፖርት እየተኮሰ ነበር። ልቡ ዘፈኑ ላይ ስለሆነ እርጥብ ጨርቅ ሳይደርብ ካውያውን ጀርባው ላይ ተጭኖ አሳረፈው። የሱፉ ጸጉር ድብን ብሎ ተኛ፤ ቦታው እንደ ላስቲክ አብረቀረቀ። እኔም ምላሴ አያርፍም።

«ገደልከው እኮ! ካፖርት ነው የተቀበልነው፣ የዝናብ ልብስ አድርገህ ልትመልስላቸው ነው?»

እሱ ግን ካውያውን ከፍ አድርጎ፣ ሳያስነካ፣ እንፋሎቱን ብቻ ለቀቀበት። ከዚያ በብሩሽ ወደ ላይ አበጠረው። እንደገና እንፋሎት፣ እንደገና ብሩሽ። የተኛው ጸጉር ቀስ እያለ ተነሳ፤ ሱፉ ሱፍ ሆነ። ወንድሜ ብሩሹን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

«እትዬ፣ ዘፈኑንም እንዲሁ ነው ያደረግኩት። ተጭኜ ተጭኜ አስተኛሁት።»

«እንግዲያው አስነሳዋ!» አልኩት። እውነቱን ለመናገር ምን እንዳለ አልገባኝም ነበር፤ ስለተናደድኩ ነው።

ያኑ ዕለት፣ ያጸዳውን ትቶ የመጀመሪያውን ቅጂ ከፈተ። ትንፋሿን ወደ ቦታው መለሰ። ሚስቱን ለምኖ ያንኑ ዘፈን ሁለት ጊዜ በለሆሳስ አዘፈናትና አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ፣ ከዋናው ድምፅ ሥር አስገባቸው። ረቡዕ ደግሞ ስፒከሩን ከሚኖሩበት ሕንፃ ደረጃ ግርጌ አስቀመጠ፤ ማይኩን ሦስተኛ ፎቅ አቆመና የእሷን ድምፅ ብቻ ለቀቀው። ለእኔ የተሰጠኝ ሥራ ወጪ ገቢውን ዝም ማሰኘት ነበር። ለእኔ! ደረጃው ድምጿን ተቀብሎ ሰፋ አድርጎ መለሰው፤ ያንን ቀድቶ ከሩቅ እንደሚሰማ አድርጎ ከኋላ አስገባው። በመጨረሻ ማይኩን ላውንደሪ አምጥቶ የካውያውን የእንፋሎት ፍስስታ ቀዳና ከከበሮው ሥር ደበቀው።

«የታለ? አይሰማኝም» አልኩት።

ፍስስታውን ብቻ አጠፋው። ዘፈኑ ባንዴ ባዶ ቤት ሆነብኝ።

«መልሰው!» ብዬ ጮህኩ። ሳቀብኝ።

ከዚያ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሰማኝ። ሴትየዋ እየተራመደች፣ ደክሟት እየተነፈሰች፣ መንገዱም ከኋላዋ ሰፍቶ ይሰማል። እኔ እንዲህ ያለ ወንድም እንዳለኝ እስከዚያ ቀን ድረስ አላወቅኩም ነበር። ኮራሁ፤ ሌላ ቃል የለኝም።

ሐሙስ ይዞት ሄደ። ኃላፊዋ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት፤ እንደገና አስከፍተው ሰሙት። «ይቺን መጀመሪያ ላይ ያለችውን ትንፋሽ እንዳትነካብኝ» አሉት፤ ተቀበሉት። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሱቃችን ሞልቶ ሳለ ዘፈኑ ተለቀቀ። ሬዲዮኑን እስከ ጥጉ ከፈትኩና «ወንድሜ ነው የሠራው! የምትዘፍነው ሚስቱ ናት!» አልኩ አፌን ሞልቼ።

«እሰየው፣ ደስ ይላል» አለ አንዱ። «ሱሪዬስ ደርሷል?»

እሁድ እንኳን ደስ ያላችሁ ልል ቤታቸው ሄድኩ። ወንድሜ ብርድ ልብሶቹን ከግድግዳው አውርዶ እያጠፈ ነበር።

«ምን ሆነሃል? ተቀበሉህ አይደል እንዴ?»

«ተቀበሉኝ፣ እትዬ። ልጅቷ ግን ዛሬም ሶፋ ላይ ነው ያደረችው። እኔ ስለተሳካልኝ እሷ ክፍል አያስፈልጋትም ማለት ነው?»

ያን ጊዜ ሚስቱ የአልጋ ብሎን መፍቻ ይዛ ከትልቁ መኝታ ቤት ብቅ አለች።

«መልሰህ ስቀላቸው» አለችው። «ልጅቷ የኛን ክፍል ትወስዳለች። እኔና አንተ ሳሎን እንተኛለን። ገና ብዙ የምዘፍነው አለኝ።»

የአልጋውን አንድ ጫፍ እሷ፣ ሌላውን እኔ ይዘን ወደ ሳሎን ወጣን። ወንድሜ ብርድ ልብሶቹን እንዳቀፈ መተላለፊያው መሀል ተገትሮ ስለነበር «ዞር በል እንጂ!» ብዬ ተቆጣሁት። አልሰማኝም፤ እያለቀሰ ነበር።