የብሬል መጻሕፍት በሞጣ መንገድ

ቢቸና፣ ጎህ ሲቀድ

የሞጣ መንገድ ተከፍቷል የሚል ወሬ ትናንት ሰማን። ተመልሶ ሳይዘጋ ብለን ገና ሳይነጋ መናኸሪያ ተገኘን። እኔ ዐይነ ስውር መምህር ነኝ፤ በጋዜጣም እጽፋለሁ። አብረውኝ የሚጓዙት እትዬ ብርቄ የከተማችን ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናቸው። በመካከላችን በሲባጎ የታሰረ ካርቶን አለ። ውስጡ በብሬል፣ በጣት ተዳሶ በሚነበበው የነጠብጣብ ጽሕፈት፣ የተዘጋጀ የተረት መጽሐፍ ነው። ብሬል ወረቀት ይፈጃል፤ ቀጭኑ መጽሐፍ ሦስት ወፍራም ጥራዝ ሆኗል።

የምንወስደው ለሰናይት ነው። ሞጣ ታስተምር የነበረች ጓደኛዬ ናት፤ በሕመም ዐይኗን ካጣች ወዲህ ከቤት አትወጣም። ብሬል አስተማርኳት፤ የምታነበው ግን አጣች። በቀደም ስልክ ደውላ "ፊደሉ ከጣቴ እየጠፋ ነው" አለችኝ። ይህን ለእትዬ ብርቄ ስነግራቸው "በውሰት ይሄዳል፤ እኔው አደርሰዋለሁ" አሉ።

ሚኒባሱ እስኪሞላ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ለአንባቢዎቼ ምን ልንገር ብዬ ጠየቅኳቸው።

"የንብ እርባታውን መጽሐፍ አንሣ" አሉኝ። "ገበሬው እየተቀባበለው ገጹ ማር ማር ይሸታል። የወሊድ መጽሐፉንም ጻፍ፤ ባሎችም ያንብቡት በልልኝ። የግዕዝ መዝገበ ቃላቱማ ማስታወቂያ አይፈልግም። የቅኔ ተማሪዎቹ ከበውት ሲከራከሩ አዳራሹ ገበያ ይሆናል፤ ዝም በሉ ማለት ግን አይሆንልኝም።"

ደብረ ወርቅ፣ ረፋድ

ሹፌሩ ለሻይ አቆመ። የቦንቦሊኖ ዘይት፣ የናፍጣና የእርጥብ ጭቃ ሽታ ተቀላቅሏል። ከወዲያ የመጣ ሹፌር በመስኮት በኩል "ከፊት ፍተሻ አለ፤ ዕቃ በዕቃ ነው የሚበረብሩት" ሲል ሰማሁት። ከኋላችን የተቀመጡ ባልና ሚስት ተንሾካሾኩና ዕቃቸውን ይዘው ወረዱ።

"ሌላ የሚቀር ካለ አሁኑኑ ይናገር" አለ የእኛ ሹፌር።

እትዬ ብርቄ እጄን ያዙ። "አንተ ካልክ እንመለሳለን" አሉኝ። እንሂድ አልኩ።

ከጉንደወይን ወዲህ

መኪናው ቆመ። በሩ ሲንሸራተት ቀዝቃዛ ነፋስ ገባ።

"ውረዱ!"

ታጣቂዎች ናቸው። ሻንጣ ሲከፈት፣ ጆንያ ሲገለበጥ እሰማለሁ። የእኛ ካርቶን ተቀደደ። ገጽ ተገለጠ፤ እንደገና ተገለጠ።

"ይኼ ምንድን ነው? ፊደል የለው፣ ሥዕል የለው!"

"የዐይነ ስውራን መጽሐፍ ነው፣ ልጄ" አሉ እትዬ ብርቄ።

"ያንብቡልኛ!"

"እኔማ አልችልም።"

"የማይችሉትን ይዘው ይዞራሉ? የምስጢር መልእክት ነው! ለማን ነው የምታደርሱት?"

"እኔ ላንብብልህ" አልኩ። ጥራዙን ደረቴ ላይ ገፋው። ጣቴን አሳረፍኩ። ምንም የለም። እጄ ስለተንቀጠቀጠ ነጠብጣቡ እንደ ፈሰሰ ጤፍ ተደባለቀብኝ።

"አያችሁ? ራሱም አይችልም!"

"በርዶኝ ነው። እጄን ላሙቅ።" ፍርሃት መሆኑን እሱም ያወቀ ይመስለኛል። ጣቶቼን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ቆየሁ። ከኋላዬ አንዲት ሴት ጸሎት ታነበንባለች። እንደገና ሞከርኩ።

"አንዲት... ሴት... በሬዋን ጅብ በላባት። ካሳ ልትጠይቅ ወደ ጅቡ ጎሬ..."

"በቃልህ አጥንተኸው ነው!" ገጾቹን ገለባበጠና ጣቴን ይዞ አንድ ቦታ ላይ ጫነው። እጁ እንደ እኔው ቀዝቃዛ ነው። "ይኼስ?"

"'ጎረቤቶቿ' ይላል።"

ጣቴን ዝቅ አደረገው። "ይኼስ?"

"'አልመጡም'።"

ጣቴን መልሶ ወደ ላይ ወሰደው።

"'ጎረቤቶቿ'" አልኩት።

ሲተነፍስ ሰማሁት። "እሺ፣ ሂዱ። አንዱ ግን እዚህ ይቀራል፤ አለቃዬ ይየው።"

"የሕዝብ ንብረት እኮ ነው" አሉ እትዬ ብርቄ።

"ሂዱ አልኩ!"

ሹፌሩ ሁለታችንንም እየጎተተ አስገባን። መኪናው ሲነሣ የቀሩትን ጥራዞች ዳሰስኳቸው። የተወሰደው ሁለተኛው ነው።

ሞጣ፣ አመሻሹ ላይ

ሰናይት በሩን የከፈተችው ግድግዳ ግድግዳውን እየዳሰሰች ነው። ጥራዞቹን ጭኗ ላይ አስቀመጥንላት። ጀርባቸው ላይ ያለውን የብሬል ቁጥር ዳሰሰችና "ሁለተኛውስ?" አለች። የሆነውን ነገርኳት።

"እናንተን ነኳችሁ?"

"አልነኩንም።"

የመጀመሪያውን ጥራዝ ከፈተች። ከዚያ ጀመረች፤ ፊደል በፊደል፣ እየተደናቀፈች፣ እየተመለሰች። አንዱን ቃል ስትስት ልረዳት እጄን ዘረጋሁ፤ በክርኗ ገፋችኝ።

"ተወኝ፣ እያነበብኩ ነው።"

ድምፅዋ ቀስ በቀስ እየተፍታታ ሄደ። እትዬ ብርቄ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

"መሸ እኮ፤ መብራት ላብራ እንዴ?"

"ለእርስዎ ከሆነ ያብሩ" አለች ሰናይት፣ ጣቷን ከመስመሩ ሳታነሣ።