የእትዬ ጫልቱ የብርቱካን ልጣጭ ቡና

እትዬ ጫልቱ አረፉ አሉኝ።

ዛሬ ጠዋት ልጄ ደውላ ስትነግረኝ "የትኛዋ ጫልቱ?" አልኳት፤ ሌላ ጫልቱ የማውቅ ይመስል። ስልኩን ከዘጋሁት በኋላ መልሼ ደወልኩ፣ ምናልባት ተሳስታ ይሆናል ብዬ። አልተሳሳተችም። ቡራዩ ልጃቸው ቤት፣ በተኙበት ነው ያረፉት።

ይህን የምጽፈው መርዶውን እንደሰማሁ ነው። የፊደል ግድፈት ካያችሁ እለፉልኝ።

ለማታውቋቸው፣ በንጉሡ ጊዜ አዲስ ሙሽራ ሆኜ ሰበታ ስገባ አንዲት ክፍል ያከራዩን ሴት ናቸው። ባለቤቴ ፋብሪካ ይውላል። እኔ ሰው አላውቅ፣ ኦሮምኛ አልችል፤ ቀኑን ሙሉ የእሳቸው ጓዳ ነበርኩ። ባላቸው ኦቦ ቶሎሳ የአንድ ፊታውራሪ ጭሰኛ ነበሩ።

እትዬ ጫልቱ ቡና እንደ ሌላው ሰው አያፈሉም። አንድ ቀን ኮረሪማ፣ አንድ ቀን ዝንጅብልና ማር። ሲበርድ ቅቤና ጨው። ወተት ካለ ስልባቦቱን አንስተው ሲኒው ላይ ጣል ያደርጉና ቀረፋ ይነሰንሱበታል። ቡና ሲጠፋ ገብስ አሳርረው ይደባልቁበታል፤ እሱንም እንወደው ነበር።

አዲስ ነገር በሞከሩ ቁጥር የመጀመሪያዋ ሲኒ የእኔ ናት። እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው "ቀምሰሽ ፍረጂ!" ይሉኛል። ፊቴን ካጨማደድኩ ሌላ ይሞክራሉ።

አንድ የፍስክ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ኦቦ ቶሎሳ ሱሉልታ ለቅሶ ሄደዋል። እኔ ሆዴ ገፍቷል፣ መውለጃዬ ደርሷል። እትዬ ጫልቱ የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ ወቅጠው ከኮረሪማ ጋር ጀበናው ውስጥ ጨመሩ። ቀመስኩ። "ይሄስ ለጃንሆይም ይቀርባል" አልኳቸው። እየሳቅን ሳለ በቅሎ ግቢ ገባች።

ፊታውራሪው ነበሩ፤ ጠመንጃ ያነገተ ሎሌ ተከትሏቸዋል። በዚያ ሰሞን ጭሰኛውን አስነስተው በትራክተር ሊያርሱ ነው የሚል ወሬ ነበርና ሳይጠበቁ መምጣታቸው አስደነገጠን። እትዬ ጫልቱ እጅ ነሥተው አስቀመጧቸውና ያንኑ ቡና ቀዱላቸው። "ምን ገባበት? ይጥማል" አሉ ፊታውራሪው። ደገሙ።

ሊሄዱ ሲነሱ ሆዳቸውን ያዙ። ላብ አጠመቃቸው። አስመለሳቸውና ደጃፉ ላይ ወደቁ።

"ጌታዬን መረዙብኝ!" ብሎ ጮኸ ሎሌው። ጠመንጃውን አውርዶ አቀባበለ። "ጌታዬ ቢሞቱ ከዚህ ግቢ በሕይወት የሚወጣ የለም!"

ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ግን ወደ ውስጥ የገባ የለም። አንዱ የጤና ጣቢያውን ድሬሰር ሊጠራ ወደ ከተማ ሮጠ። ከአጥሩ ውጭ አንዲት ሴት "ድሮስ ቡና ውስጥ የማትጨምረው ምን አለ?" ስትል ሰማሁ።

ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። እኔም ጠጥቻለሁ።

ሆዴን ያዝኩ። ልጁ ይንቀሳቀስ እንደሆነ ባዳምጥ ዝም። አፌ ደረቀ፣ ምላሴ መረረኝ። መርዝ ይሁን ፍርሃት አላወቅሁም።

እትዬ ጫልቱ እንግዳ ሳያስተናግዱ አይጠጡምና ገና አልቀመሱም ነበር። ጀበናውን አነሱ። "መርዝ ነው አልክ?" አሉት ሎሌውን። የቀረውን ኩባያ ውስጥ ገልብጠው እስከ ዝቃጩ ጨለጡት። ከዚያ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡና እጄን ያዙ።

"ሂን ሶዳቲን፣ የኔ ልጅ። አትፍሪ።"

ዓይናቸውን ግን ከባዶው ጀበና ላይ አላነሱም።

ድሬሰሩ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ እንዴት ልንገራችሁ? ፊታውራሪው መሬት ላይ ያቃስታሉ። አፈሙዙ ወደ እኛ ዞሯል። ሆዴ ቁርጥ ባለኝ ቁጥር "ይኸው ጀመረኝ" እላለሁ። እትዬ ጫልቱ እጄን ጠበቅ ያደርጋሉ።

በመጨረሻ ድሬሰሩ መጣ። ጎናቸውን ጫን ሲያደርግ ፊታውራሪው ጮኹ። "ጌታዬ፣ ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?" አላቸው። ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው፣ "ኩላሊቴ ነው። ጠጠር አለበት። መንገድ ላይ፣ በቅሎዋ ላይ ሆኜም ሲወጋኝ ነበር" አሉ። ከዚያ ወደ ሎሌው ዞረው፣ "አንተ፣ እሱን ነገር አውርድ።"

በቃ። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ። በቃሬዛ ይዘዋቸው ሄዱ።

ሰው ሲበተን እትዬ ጫልቱ የተረፈውን ልጣጭ ሰብስበው ከጓሮ ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሩት። "ለምን?" አልኳቸው። ሳያዩኝ ነው የመለሱልኝ።

"ያደረቅሁት ጎተራው ሥር ነው። ቶሎሳ እዚያ የአይጥ መርዝ ነስንሶ ነበር። ሰውየው እስኪወድቁ ድረስ ትዝ አላለኝም።"

"ታዲያ እንዲያ እያሰቡ እንዴት ጠጡት?"

"አንቺ ጠጥተሽ የለ?" አሉኝ። "ሁለት ነፍስ ይዘሽ ብቻሽን ልስደድሽ?"

ልጄ በሰላም ተወለደች። ዛሬ የደወለችልኝ እሷ ናት። እነ ኦቦ ቶሎሳንም ፊታውራሪው ከመሬቱ ሳያስነሷቸው ዘመኑ ራሱ ተገለበጠ። ጎረቤቱ ግን ቡናቸውን ፈራ፤ ሲጠሩት ሰበብ ያበዛል። ብዙ ጊዜ እኔና እሳቸው ብቻ ነበርን የምንጠጣው። እኔም እፈራ ነበር፣ አልዋሻችሁም። እሳቸውም ያውቁ ነበር መሰለኝ፣ ከዚያን ቀን ወዲህ የመጀመሪያዋን ሲኒ ራሳቸው ጠጥተው ነው ለእኔ የሚቀዱልኝ።

እትዬ ጫልቱ፣ ነገ ቀብርዎ ላይ እቆማለሁ። አርጅቻለሁ፣ ጉልበቴ ደክሟል፣ ልቤም ይፈራል። ያሉበት ቦታ ምን እንደሚመስል አላውቅም፤ ሲመሽ ሳስበው ያስፈራኛል። ቢሆንም እመጣለሁ፣ አፈር ሳላለብስዎ አልቀርም። የፈጠረዎት በሩን ከፍቶ ይቀበልዎ። ደህና ይሁኑ፣ የሰበታዋ እናቴ።